ሸክላው አድማጭ አለው፦ ሸክላ ዘመኑ አልፎበታል ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ እንዳነበው የላከልኝ ጽሑፍ፣ ሸክላ (በመርፌ የሚጫወተውን የሙዚቃ ዲስክ) እየሰሙ ያደጉ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሸክላዎቻቸው ጋር ያላቸውን ቁርኝት ይነቅፋል። ጸሐፊው በጥቅሉ አምስት ነገር ይላሉ። ፍቅሩ ለሸክላው ሳይሆን ላለፈ ወጣትነት ነው፤ የሸክላ ድምፅ ከዛሬው የዲጂታል ድምፅ ያንሳል፤ በሸክላ የነበረው ዘፈን ሁሉ ዛሬ በስልክ ይገኛል፤ አቧራና የመብራት መቆራረጥ በማይለየው የአዲስ አበባ ዳርቻ ሸክላ ማኖር ቅንጦት ነው፤ ስለዚህ የሚበጀው የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ፍላጎት ሳይቀዘቅዝ ሸጦ ገንዘቡን ለቁም ነገር ማዋል ነው። ጽሑፉ ታስቦበት የተጻፈ በመሆኑ ታስቦበት መልስ ሊሰጠው ይገባል። የምኖረው ጸሐፊው በሚሉት ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሆነ፣ ሸክላም ስለምሰማ፣ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተኛል። ከዚህ በታች ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳይመረምር ይቀበለዋል። በሃያ ዓመቱ ከመጀመሪያ ደመወዙ ቀንሶ ሸክላ የገዛ ሰው ዛሬ ያንኑ ሸክላ ሲያስጮህ ያ ዘመን ትዝ ቢለው የሚያስገርም አይደለም፤ ይህንን አልክድም። ነገር ግን ጉዳዩ ናፍቆት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሸክላው ከዓመት ዓመት ለአድማጩ የሚሰጠው ያንኑ አንድ ስሜት ብቻ በሆነ ነበር። ሸክላ ሲሰሙ የኖሩ ሰዎች የሚናገሩት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ታችኛው ፎቅ ላይ ሠፈርተኛው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉኝ፤ ከአራት ኪሎ ቤታቸው ሲፈርስ ሸክላዎቻቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ይዘው የመጡ ናቸው። አንዱን ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ትንሽ) ሸክላ በወጣትነታቸው የሚሰሙት ለግጥሙ እንደነበር፣ ልጆች ካሳደጉ በኋላ ጆሯቸው ወደ ሳክስፎኖቹ ቅብብል እንዳዘነበለ፣ አሁን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠብቁት ቤዝ ጊታሩ ከድምፃዊው ቀድሞ የሚገባበትን ቦታ እንደሆነ አጫውተውኛል። ሸክላው ያው ነው፤ የተለወጠው የመስማት ችሎታቸው ነው። አንድን ሥራ ሃምሳ ዓመት ደጋግሞ በመስማት የሚገኘውን ይህን ዕውቀት ናፍቆት ብሎ መጥራት ማሳነስ ነው።

ዕውቀቱ በጆሮ ብቻ የተወሰነም አይደለም። ጋሼ መርፌውን ሲያሳርፉ መርፌውን የያዘውን የማጫወቻውን ክንድ በሌባ ጣታቸው ጫፍ ደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ነው። ያ ሸክላ ሁለተኛው አዝማች ላይ አንድ ጭረት አለበት፤ መርፌው እዚያ ሲደርስ ሦስቴ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይልና ያልፋል። ድሮ መርፌው እንዳይዘልባቸው ክንዱ ላይ የሃያ አምስት ሳንቲም ፍራንክ ያስቀምጡ ነበር፤ የሳንቲሙ ክብደት መርፌው የሚሄድበትን የሸክላውን ቦይ እንደሚበላው ከተረዱ በኋላ ግን አንስተው ከክንዱ ኋላ ያለውን ሚዛን ማስተካከል ተማሩ። ይህ ሁሉ የተገኘው ከአንድ ዕቃ ጋር ረዥም ዘመን በመኖር ነው። ለጸሐፊው ክስ ዋናው መልስ ግን ከጋሼ ይልቅ የልጅ ልጃቸው ይመስለኛል። ልጅቷ ካሴት እንኳ በቅጡ ያላየች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ተነሥታ የምትገለብጠው፣ የትኛው ሸክላ የትኛው ሽፋን ውስጥ እንዳለ ሳታይ የምታውቀው እርሷ ናት። የምትናፍቀው ያለፈ ወጣትነት የላትም። በዓለም ደረጃም የሚታየው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በአሜሪካ በ2022 የተሸጠው ሸክላ 41 ሚሊዮን ያህል ሲሆን ሲዲ ግን 33 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ሸክላ በቁጥር ከሲዲ ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነው። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ሸክላ ከገበያ በጠፋበት ዘመን የተወለዱ ናቸው።

ስለ ድምፅ ጥራት ጸሐፊው ያቀረቡት ቁጥር ትክክል ነው፤ ሸክላ ወዳድ ሁሉ ይህን ሳያመነታ ሊቀበል ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በሲዲ ላይ በለሆሳሱና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት 96 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ያህል ሲደርስ፣ ሸክላ ላይ ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ቢገኝ ነው። ከዚህም በላይ፣ ጸሐፊው ያልጠቀሱትን አንድ ድክመት እኔው ልጨምርላቸው። በትልቁ ባለ 33 ዙር ሸክላ ላይ መርፌው ከዳር ሲነሣ በሰከንድ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ቦይ ይጠርጋል፤ ወደ መካከል ሲጠጋ ግን ዙሩ ስለሚጠብ ከ21 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ በዚህ ምክንያት የየገጹ የመጨረሻ ዘፈን ከመጀመሪያው ይልቅ ይደበዝዛል። የቆየ አድማጭ ይህንን በቁጥር ባይናገረውም በጆሮው ያውቀዋል።

ሆኖም ጸሐፊው ያነጻጸሩት በወረቀት ላይ ያለን ሲዲ በወረቀት ላይ ካለ ሸክላ ጋር ነው። እዚህ የሚደረገው ምርጫ እንደዚያ አይደለም። ምርጫው ቡፌው ላይ ባለ ሸክላ ማጫወቻና ከዚያው ሸክላ ተቀድቶ፣ ተጨምቆ፣ ከስልክ በሚወጣ ድምፅ መካከል ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) ገደማ ላይ ይጮሃል፤ የስልክ ድምፅ ማውጫ ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያሰማም። ስለዚህ ጋሼ የሚጠብቁት የቤዝ አገባብ በስልክ ሲደመጥ የለም ማለት ይቀላል፤ አሮጌው ማጫወቻቸው ግን ሳጥኑ ትልቅ እንጨት በመሆኑ ብቻ ያሰማዋል። የአገራችን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ሲቀረጹ ደግሞ ባንዱና ድምፃዊው አንድ ላይ ሆነው በአንድ ጊዜ የተጫወቱት በመሆኑ፣ ከታች ያለው ድምፅ ሲጎድል የሚጎድለው አንድ መሣሪያ ሳይሆን የሙዚቀኞቹ መደማመጥ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ የሚለው፣ ከአምስቱ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ ሸክላውን ለቆሻሻ ሰብሳቢ የሚሰጠው ይህንን አምኖ ነው። የሸክላው ታሪክ በአጭሩ መታወስ አለበት። በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በዘመኑ ታላላቆቹ የሙዚቃ ቡድኖች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የምድር ጦር ክፍሎች፣ እንዲሁም የቴአትር ቤቶቹ ኦርኬስትራዎች ሲሆኑ ሁሉም በመንግሥት ሥር ነበሩ። በ1969 ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው ዐምሃ እሸቴ ድንጋጌውን ተጋፍቶ በግሉ ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ በውጭ አገር እያስመታ እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ 45 ዙር ሸክላዎችንና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። የሆላንዱ ኩባንያ ፊሊፕስ ተከተለ፤ የዓሊ ታንጎ ካይፋ ሪከርድስ ተከተለ። የዓለማየሁ እሸቴ፣ የማሕሙድ አሕመድ፣ የሙላቱ አስታጥቄ፣ የግርማ በየነ ሥራዎች የተረፉልን በዚህ መንገድ ነው። ዐምሃ በ1975 ከአገር ወጣ፤ ቀጥሎ ካሴት መጣ፤ 1978 ሲደርስ የሸክላ ኅትመት አበቃ። ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት ያጠናው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደሚገልጸው በእነዚያ ዓመታት የታተሙት ወደ 500 የሚጠጉ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና 30 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች ናቸው። አንድ አገር በዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመኔ የሚለው ሁሉ በዚህ ቁጥር ውስጥ ያለ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እንደገና የታተመ ብዙ ነው፤ ከ1997 ጀምሮ የወጡት የኤትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች ውለታ ሊረሳ አይገባም። ቢሆንም እንደገና የታተመው ተመርጦ ነው። ያልተመረጠው ዘፈን ኢንተርኔት ላይ ከተገኘ፣ ያገኘነው አንድ ስሙን የማናውቀው አድማጭ የራሱን ሸክላ አስጩሆ ስለቀዳው ነው። ጸሐፊው ሸክላ አያስፈልግም ለማለት በማስረጃነት ያቀረቡት ነገር ራሱ ሸክላውን ካልጣሉ ሰዎች ቤት የወጣ ነው። ቅጂውን ጆሮ ሰጥቶ የሚሰማ ሰው ደግሞ ብዙ ጉድለት ያገኝበታል፤ አንዱ ገጽ ተቀድቶ ጀርባው ተትቷል፤ በሁለት ገጽ የተከፈለው ረዥም ዘፈን ግማሹ ብቻ አለ፤ የዘፈኑ ርእስ ከሌላ ዘፈን ርእስ ጋር ተቀያይሯል፤ ሸክላው መካከል ባለው ክብ ወረቀት ላይ የታተመው የአሳታሚውና የቁጥሩ መለያ የትም አልተጻፈም።

ከጉድለቶቹ ሁሉ የከፋው ግን የፍጥነት ስሕተት ነው። ከአሜሪካ የመጡ የድሮ ማጫወቻዎች ሞተራቸው የተሠራው በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው፤ የእኛ ኤሌክትሪክ ግን 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው። ሰዎች ማጫወቻው እንዳይቃጠል ትራንስፎርመር ይገዙለታል፤ ትራንስፎርመሩ 220ውን ቮልት ወደ 110 ያወርዳል እንጂ ምልልሱን አይለውጠውም። በውጤቱም ሞተሩ ከሚገባው በ17 በመቶ ገደማ ዘግይቶ ይዞራል፤ የድምፃዊው ድምፅ ሦስት ግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ሦስት ተከታታይ ቁልፍ) ያህል ወደ ታች ይወርዳል፤ አራት ደቂቃ የሚፈጀው ዘፈን አምስት ደቂቃ ሊደርስ ምንም አይቀረው። እንዲህ የተቀዳ ዘፈን ስልክ ላይ ሲወጣ፣ ዋናውን ሰምቶ የማያውቅ ወጣት ድምፃዊው እንዲያ ጎርናና ነበር፣ ባንዱም እንዲያ ዘገምተኛ ነበር ብሎ ይቀበላል። ጋሼ እንዲህ ያለ ቅጂ የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ ሲሰሙ ገና መግቢያው ሳያልቅ «ልጄ፣ ይኼ ዘፈን እንቅልፍ ወስዶታል፤ እርሱ እንዲህ አይዘፍንም» ነበር ያሉት። ስሕተቱን የሚያርም መመዘኛ ከየት ይመጣል? ዋናው የቀረጻ ክር ለብዙዎቹ ዘፈኖች በማይገኝበት ሁኔታ መመዘኛው ሸክላው ራሱና ሸክላውን በትክክለኛ ፍጥነት ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የሰማው ጆሮ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢኖር አይበቃም።

አራተኛው ነጥብ ስለ ዳርቻው ነው። ጸሐፊው ሸክላ የፒያሳና የቦሌ ነገር እንደሆነ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ገላን ለሚኖር ሰው ግን ጉዳዩ እንዳልሆነ አድርገው ይጽፋሉ። የአዲስ አበባ መሐል ሲፈርስ ነዋሪው የት ሄደ? ልደታ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስና ፒያሳ የነበረው ሰው አብዛኛው ወደ ዳር ነው የወጣው። ከአልጋና ከቁምሳጥኑ ጋር ሬዲዮግራሙን (ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ በአንድ ላይ የያዘውን ሳጥን) እና የሸክላ ሳጥኑንም ጭኖ ነው የመጣው። ዛሬ የሸክላዎቹን አድራሻ ካርታ ላይ የሚያሰፍር ሰው ቢኖር፣ ከመሐል ይልቅ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ ኮዬና ቱሉ ዲምቱ ላይ ብዙ ምልክት የሚያኖር ይመስለኛል። እዚህ አካባቢ ከኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ቤት የአሊ ቢራን ሸክላ መስማትም እንግዳ ነገር አይደለም።

አቧራው እውነት ነው። በበጋ ከግንባታው የሚነሣው አቧራ መስኮት ቢዘጋም ይገባል፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ሸክላው በራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ አቧራውን ይስባል። መፍትሔው ግን ውድ አይደለም። ሸክላው በተጣራ ውኃና በአንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ የቦዩን ዙር ተከትሎ፣ መካከሉ ያለው ወረቀት ሳይረጥብ ይታጠባል፤ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ በጥላ ይደርቃል። ከዚያ እንደ መጽሐፍ በቁሙ ይደረደራል፤ ተደራርቦ የተኛ ሸክላ የታችኛው ይጎብጣል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠም በሙቀት ይጠማዘዛል። መብራቱም ይጠፋል፤ ዘፈኑ መካከል ላይ እያቃሰተ ሲቆም ያናድዳል። ግን መብራት ጠፋ ተብሎ የቆመው ሸክላ ብቻ አይደለም፤ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የድሮ ትንሽ ማጫወቻ ያለው ሰው እንዲያውም በጨለማ ሙዚቃ የሚሰማ ብቸኛው የሕንፃው ነዋሪ ሊሆን ይችላል።

ቅንጦት የሚለው ቃል የሚስማማው አዲስ ለሚገዛ ሰው ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት የተገዛ ሸክላ ዛሬ ወጪ አይጠይቅም። እውነተኛው ችግር መርፌ ነው፤ እዚህ እንደ ልብ ስለማይገኝ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ማስመጣት ያስፈልጋል። የአልማዝ ጫፍ ያለው መርፌ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያገለግላል፤ በየእሑዱ ከቡና ጋር አንድ ሰዓት ለሚሰማ ቤተሰብ ይህ ከዐሥር እስከ ሃያ ዓመት ማለት ነው። ያለቀ መርፌ ግን ቦዩን ስለሚያርሰው፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ በተበላ መርፌ ማስጮህ ሸክላውን መግደል ነው። በዚህ ላይ ጸሐፊው ቢጽፉ ኖሮ ለብዙ ሰው በጠቀሙ ነበር።

ወደ መጨረሻው ምክራቸው ስመጣ፣ ሸክላውን ለሸጠ ሰው ምንም ወቀሳ የለኝም። የኪራይ ቀን የደረሰበት ወይም ሆስፒታል የተኛ ሰው ያለበት ቤት ያለውን ይሸጣል። የማልቀበለው፣ ችግር የሌለበትም ሰው የሞተ ንብረት ይዘሃል ተብሎ ቢመከር ነው። የውጭ ሰብሳቢዎች ለአንድ የኢትዮጵያ ባለ 45 ዙር ሸክላ በመቶ የሚቆጠር ዶላር የሚከፍሉበት ጊዜ ያለው ሸክላው ጥቂት ስለሆነና የያኔው ኅትመት ዳግመኛ ስለማይገኝ ነው። የወጣው አይመለስም፤ ከሽያጩ አብዛኛውን የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ ሸክላውን ሲጠብቅ የኖረው ቤተሰብ ሳይሆን መካከል ያለው ነጋዴ ነው።

ጸሐፊው ለውጭ ሰዎች መሸጥ ሙዚቃችንን ለዓለም ያስተዋውቃል ሲሉም ታሪኩን ይገለብጡታል። የማሕሙድ አሕመድ በ1975 በካይፋ የወጣ ትልቅ ሸክላ በ1986 ብራስልስ ባለው ክራምድ ዲስክስ እንደገና ታትሞ አውሮፓን ያስደነቀው፣ ፋልሴቶ አንድ ወዳጁ ከአዲስ አበባ ያመጣለትን የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ ይህ ሙዚቃ የት ነው ያለው ብሎ እስከ አዲስ አበባ ስለተከተለው ነው። ኋላ የመጣው የኤትዮፒክስ ተከታታይ አልበም ሁሉ ከዚያ ይመነጫል። እርሱ እዚህ ሲደርስ የሸክላ ኅትመት ቆሞ፣ የሌሊቱ ጭፈራ በሰዓት እላፊ ታፍኖ፣ አሳታሚው ዐምሃ ከአገር ወጥቶ ነበር። በ1978 የከተማው ሰው ሁሉ ካሴት መጣ ብሎ ሸክላውን ቢያስወግድ ኖሮ፣ የሚጠይቀው ሰውም የሚያሳየው ሸክላም አያገኝም ነበር። ዓለም ሙዚቃችንን ያወቀው ሸክላቸውን ባልሸጡ አድማጮች ጭምር ነው።

ከመሸጥ በፊት ሊደረግ የሚገባው ነገር ከባድ አይደለም። ሸክላው ይታጠብ፤ ለቦዩ ልክ በሆነ መርፌ፣ ፍጥነቱ በተረጋገጠ ማጫወቻ፣ ሁለቱም ገጾች ሳይጨመቁ ይቀዱ፤ ከ45 ዙሩ በፊት የነበረው የ78 ዙር ሸክላ ካለ ቦዩ ሁለት ሦስት እጥፍ ሰፊ ስለሆነ የራሱ ወፍራም መርፌ ይፈለግለት። መካከሉ ያለው ወረቀትና ሽፋኑ በፊትና በጀርባ ፎቶ ይነሣ። ባለቤቱ ሸክላውን መቼና የት እንደገዛው፣ ባንዱ ውስጥ ማን ምን ይጫወት እንደነበር የሚያስታውሰው ካለ፣ እርሱ እየተናገረ በዚያው ይቀዳ፤ ይህኛው ክፍል ከሁሉ አስቸኳይ ነው፣ የሚያስታውሱት ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷልና። በእኛ ብሎክ ጥቂት ወጣቶች ከጋሼና ከሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ሸክላዎች ጀምረን ይህንኑ እየሠራን ነው። ጸሐፊውም ሸክላ ያላቸው ዘመዶች እንዳሏቸው በጽሑፋቸው ስለጠቀሱ፣ ዘመዶቻቸው ፈቃደኛ ከሆኑ ማጫወቻውን ተሸክመን ቤታቸው ድረስ እንመጣለን።